ሁለት የተኳረፉ ጎረቤቶች፣ አንድ ዋጋ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ የጀመረው በሁለት ውሸት ነው። ሁለቱም የእኔ አልነበሩም፤ እኔ ተሸክሜ ያመጣኋቸው ብቻ ነኝ።

አለቃዬ ኡስታዝ ጀማል አንድ እስክሪብቶና በላስቲክ የታሰረ ደብተር ሰጥተው፣ "የሰሊጥ ዋጋ ይዘህ ና" ብለው ወደ ሱዳኗ ከተማ ወደ ገዳሪፍ የእህል ገበያ ላኩኝ። አንድ ሻጭ ጠየቅሁ፤ ጻፍሁ። አንድ ገዥ ጠየቅሁ፤ ጻፍሁ። ሁለቱ ቁጥሮች እጅግ ስለተራራቁብኝ መሐላቸውን ወስጄ ከታች አሰመርሁበት። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ኡስታዝ ደብተሩን አዩት። "ይሄ የተሰመረበት ምንድን ነው?"

"ዋጋው ነው። የሁለቱ አማካይ።"

"ሻጭ የነገረህ ምኞቱን ነው። ገዥ የነገረህ እሮሮውን ነው። የምኞትና የእሮሮ አማካይ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ዋጋ ግን አይባልም። ዋጋ የሚታየው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው። ሂድና ቆመህ እይ።"

ሄጄ ቆምሁ። እስከ ዐሥር ሰዓት ቆሜ ሦስት ግብይት አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራሁት በዚህ ሕግ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ረሳሁት፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚያ አንድ ጊዜ ነው።

የሥራችን ስም የዋጋ ወረቀት ይባል ነበር። የገዳሪፍ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች አዋጥተው በየሳምንቱ የሚያወጧት አንዲት ቅጠል ናት፤ ላይኛው ግማሿ አማርኛ፣ ታችኛው ዐረብኛ። ፎቶ ኮፒ ቤት ትባዛና በእህል ገበያው በር፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥርና በመስጊዱ አጠገብ ባለው ሱቅ ትለጠፋለች። የተረፈውን ሰው ይወስደዋል። ማዕረግም ነበረን፦ ኃላፊ፣ ዘጋቢ፣ አራሚ፣ ለጣፊ። ኃላፊው ቀድሞ በስደተኞች ሰፈር አስተማሪ የነበሩት ኡስታዝ ጀማል ናቸው። የቀሩት ሦስቱ እኔ ነበርሁ።

ዋጋ የምንጽፈው በሱዳን ገንዘብ፣ በጁኔ፣ አልነበረም። ጁኔው ጠዋት የገዛውን ከሰዓት አይገዛም፤ የወረቀቷ ሙጫ ሳይደርቅ ቁጥሩ ያረጃል። ስለዚህ ኡስታዝ አንድ መለኪያ አወጡ፦ በእህል ገበያው በር የሚሸጥ አንድ ብርጭቆ ሻይ። ኪሎ ሽንኩርት ይህን ያህል ሻይ፣ ጀሪካን ዘይት ይህን ያህል ሻይ። አንድ ነጋዴ ስቆ፣ "ባለሻይዋ ብርጭቆዋን ብታሳንስስ?" አላቸው።

"ለዚህ ነው ታከለን በየሳምንቱ አጠጥቼ የምልከው" አሉት፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

እውነታቸውን ነው። በሥራ ዘመኔ ስኳሩ ከተቀነሰ እንኳ ሪፖርት አደርግ ነበር።

ካርቱም ጦርነት ሲነሣ ገዳሪፍ በመኪና ተሞላች። ሰው ቤቱን ትቶ መኪናውን ይዞ መጣ። ነዳጅ ሲጠፋ መኪናው ባለበት ቆመ። ታዲያ በየደጁ ለምን አያቆመውም የሚል ሰው ገዳሪፍን በክረምት አላያትም። መሬቷ ጥቁር ዋልካ ነው። አንድ ጥሩ ዝናብ ሲዘንብበት ማታ ያቆምኸው መኪና ጠዋት እስከ በሩ ድረስ ሰጥሞ ታገኘዋለህ፤ ለማውጣት ትራክተር ትለምናለህ። ጠጠር የፈሰሰበት ግቢ ያለው ሰው በክረምት ጌታ ነው።

እንዲህ ያለውን ግቢ በአገሩ ቃል ሆሽ እንለዋለን። በእህል ገበያው አካባቢ ደህና ጠጠር ያላቸው ሆሾች ሁለት ብቻ ነበሩ። ሰው የሽንኩርቱን ትቶ የሆሽ ዋጋ ይጠይቀኝ ጀመር። ኡስታዝም "አንድ መስመር ጨምር" አሉኝ።

አንደኛው ሆሽ የእቴ ብርነሽ ነው። ከእኔ ጋር በአንድ ዘመን ድንበር የተሻገረች የአርማጭሆ ሴት ናት፤ ባሏ ሲሞት የእንጨት መጋዘኑን አፍርሳ ጠጠር አፈሰሰችበት። ሁለተኛው የሐጂ ያሲን ነው። እሳቸውም የጎንደር ሰው ናቸው፤ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው በስተርጅና ወደ መኪና ማሳደር ዞሩ። ሁለቱን ሆሾች የሚለያቸው አንድ የጡብ ግንብ ነው።

ባለቤቶቹ አይነጋገሩም ነበር። ምክንያቱ ጥላ ነው።

በብርነሽ ግቢ፣ ከግንቡ ሥር፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ግንዱ የእሷ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ስትዞር ጥላው ግንቡን ተሻግሮ ሐጂ ግቢ ይተኛል። ሐጂ ከጥላው ሥር ለሚቆም መኪና ግማሽ ሻይ ተጨማሪ ያስከፍሉ ጀመር። ብርነሽ ሰማች። "ዛፌን ውሃ የማጠጣ እኔ፣ ጥላዬን የሚሸጥ እሱ!" ብላ ቅርንጫፎቹን አስቆረጠች። በሁለተኛው ዓመት ኒሙ መልሶ አቆጠቆጠ፤ የሁለቱ ሰላምታ ግን አላቆጠቆጠም።

የሆሽ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ ለወጣት ዘጋቢዎች ልንገር። መኪና ሲገባ ገፊሩ፣ ማለትም ዘበኛው፣ ቁልፉን ይቀበልና በበሩ አጠገብ ባለች ሳንቃ ላይ በሚስማር ይሰቅለዋል። መኪኖች ተደርድረው ስለሚታጨቁ የኋላው እንዲወጣ ገፊሩ የፊተኛውን መንዳት አለበት። አንድ ሚስማር ማለት አንድ የመኪና ቦታ ነው። በበር አጠገብ የሚያድር ይጨምራል፣ ጠዋት ቀድሞ ይወጣልና። ሰሊጥ የጫነ ሎሪ ከባዶ ሎሪ ይበልጥ ይከፍላል።

"ሁለቱም የሚይዙት ቦታ እኩል አይደለም እንዴ?" ብዬ ብርነሽን ጠይቄያት ነበር።

"ቦታው እኩል ነው፤ ሆዱ ግን ሙሉ ነው" አለችኝ። "ከባዶ ሆድ ምን ይወጣል ወንድምዓለም?"

ብርነሽ ከወንበሯ አጠገብ ጠመኔ ታስቀምጥ ነበር። በኢትዮጵያ በኩል ደመና ሲጠቁር ትነሣና በበሩ ላይ ያለውን የዋጋ ሰሌዳ ደምስሳ ከፍ ያለ ዋጋ ትጽፋለች። ሾፌሮች ሰማዩን ሳይሆን የብርነሽን እጅ እያዩ ዝናብ መምጣቱን ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሰሊጥ ሲሸጥ ዋጋው በክርክር ነው፤ ቆመህ ካላየህ አታውቀውም። የሆሽ ዋጋ ግን በሰሌዳ ተጽፎ ተቀምጧል። ስለዚህ ቆሜ ማየቱን ተውሁ። በየረቡዑ ከሁለቱ ሰሌዳዎች እገለብጣለሁ፣ ሰሌዳውም እንደ እኛ በሻይ ነው፣ ሐሙስ ይለጠፋል። በዚያ ላይ አንድ የምኮራባት ጥያቄ ነበረችኝ። ሌላው ዘጋቢ ሁሉ የትናንቱን ይጽፋል፤ እኔ ግን "ለሚመጣው ሳምንትስ ምን አስባችኋል?" እያልሁ የነገውንም እጽፍ ነበር።

ሁለቱም ሲመልሱልኝ ደስ ይላቸው ነበር። ሐጂ ያሲን ወንበር እስከ መሳብ ይደርሱ ነበር። ለምን እንዲህ እንደሚያከብሩኝ አልጠየቅሁም።

በዚያ ክረምት መጀመሪያ ላይ የአንዲት ትንሽ መኪና ማደሪያ በሁለቱም ሆሽ ሁለት ሻይ ነበር። ቀጥሎ በሁለቱም ሦስት ሆነ። ቀጥሎ በሁለቱም አራት። "ጎረቤታሞች ሲፎካከሩ ዋጋ ይወርዳል" ሲባል እሰማ ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ከመፎካከር አልፈው ፊት ለፊት የማይተያዩ ናቸው። ነገሩ ገርሞኝ ደብተሬ ላይ "ለምን?" ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ገጹን ገለጥሁ።

መልሱን ያገኘሁት ዘይነብ መኪና ውስጥ ነው።

ዘይነብ ካርቱም የተወለደች ኢትዮጵያዊት ናት። ጦርነቱ ሲመጣ እናቷንና አንዲት አምጃድ ይዛ ገዳሪፍ ገባች። አምጃድ የምንላት ትንሿን ሚኒባስ ነው። በየማለዳው ባለሻዮችንና ባለአትክልቶችን ከከተማው ዳር እየሰበሰበች ገበያ ታደርሳለች፤ እሷና እናቷ የሚኖሩት በዚያ ነው። አንድ ጠዋት ዝናብ ይዞኝ ገበያው በር ላይ ስቆም "ያ ዐሚ፣ አጎቴ፣ ግባ! አይጥ እስክትመስል ትረጥባለህ ወላሂ" ብላ በሩን ከፈተችልኝ።

ገብቼ ተቀመጥሁና በጣቶቿ ሒሳብ ስትቆጥር አየኋት።

"ምነው ዘይነብ?"

"አያ ታከለ፣ ማደሪያው አምስት ሻይ ገባ። ቤንዚኑን ስታወጣ፣ ማደሪያውን ስታወጣ፣ ለእኔና ለእሚ ያኒ ምን ይቀራል? ስድስት ከሆነ ኸላስ፣ እሸጣታለሁ። ገዥም አለ።"

"ማን?"

"ሐጂ ያሲን። 'እንግዲህ ካልቻልሽ ልጄ፣ እኔ እወስድልሻለሁ' አለኝ። በጣም አዘነልኝ መስኪን።"

"ከሸጥሻትስ በኋላ?"

"ከሸጥኋት በኋላ እኔም እንዳንተ በእግሬ እዞራለኋ!"

ሣቀች። እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር። ዘይነብ የኋላ መስኮቶቿን ከፀሐይ ለመከለል ወረቀት ለጥፋባቸዋለች። ወረቀቶቹ የእኔ ናቸው። የስምንት ሳምንት የዋጋ ወረቀት፣ በቅደም ተከተል፣ ከግራ ወደ ቀኝ።

የራሴን ጽሑፍ እንደ እንግዳ አነበብሁት።

በመጀመሪያው ወረቀት፦ "ሁለቱም ሆሾች ሁለት ሻይ። ወይዘሮ ብርነሽ ለሚመጣው ሳምንት ሦስት ለማድረግ ያስባሉ።" ከጎኑ፦ "ሁለቱም ሁለት። ሐጂ ያሲንም ሦስት ያስባሉ።" ቀጥሎ፦ "ሁለቱም ሦስት። ሐጂ ያሲን አራት ያስባሉ።" ቀጥሎ፦ "ሁለቱም ሦስት። ወይዘሮ ብርነሽ አራት መጥፎ አይደለም ይላሉ።" ቀጥሎ፦ "ሁለቱም አራት።" እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው መስኮት ይሄዳል። መጨረሻው ላይ፣ ትናንት የለጠፍሁት፦ "ሁለቱም አምስት። ወይዘሮ ብርነሽ ስድስት ያስባሉ።"

ሁለቱ ሰዎች አይነጋገሩም ያልሁት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ ይነጋገሩ ነበር። አፋቸው እኔ ነበርሁ።

"ምን አየህ?" አለች ዘይነብ።

"ሽማግሌ አየሁ" አልኋት። "ሳይላክ የሚላላክ።"

በቀጥታ ወደ ኡስታዝ ሄድሁ። ልብሴ እየተንጠባጠበ ነገርኋቸው። ተቆጥተው ያውቃሉ ብዬ አላስብም፤ ያን ቀንም አልተቆጡም።

"የጻፍኸው ሁሉ እውነት ነበር?"

"አንድም ስሕተት የለበትም።"

"የተከፈለውንስ ቆመህ አይተሃል?"

"ከሰሌዳው ነው የገለበጥሁት" አልሁ።

"ሰሌዳ ሻጭ አይደለም እንዴ ታከለ? እንጨት ስለሆነ ነው የማይዋሽ የመሰለህ?"

ሦስት ቀን ሆሾቹ በር ላይ ቆምሁ። አብዛኛው ሰው በእርግጥም ሰሌዳው ያለውን አምስት ይከፍላል፤ ባለሆሾቹ ጎረቤቴ አይቀንስም ብለው ሁለቱም ተማምነዋልና። ሌላም ነገር አየሁ። በሁለቱም ሳንቃዎች ላይ ባዶ ሚስማር ሞልቷል። ዋጋው ሲወጣ ሰው መኪናውን ለዘመድ ጠጠር፣ ለወፍጮ ቤት ጓሮ፣ ለእግዜር ሰጥቶ ሄዷል። ባለሆሾቹ ግን ግማሽ ግቢ በውድ ማከራየቱ ከሙሉ ግቢ በርካሽ ተሽሏቸዋል። ግማሽ ግቢ ጥበቃውም ይቀላል።

ሐሙስ ዕለት የወጣው ወረቀት የሆሽ ዋጋ አልነበረበትም። በቦታው እንዲህ የሚል መስመር ነበር፦ "የመኪና ማደሪያ። ባዶ ሚስማር፣ በወይዘሮ ብርነሽ ሆሽ አሥራ አንድ፣ በሐጂ ያሲን ሆሽ አሥራ ሦስት። ረቡዕ ጠዋት በዓይን የተቆጠረ።"

ሌላ ምንም የለም። የነገ ሐሳብ የለም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሾፌሮች ሆሽ በር ላይ ሰሌዳ ማንበብ ትተው ሚስማር መቁጠር ጀመሩ። አሥራ ሦስት ባዶ ሚስማር ያለው ሰው ፊት ለፊት ቆመው ሲከራከሩት ድምፁ ይለሰልሳል። ዘይነብ ሐጂ ያሲን ዘንድ ገባች።

"ላንቺ ብቻ አራት" አሏት፤ "ግን ወላሂ ለማንም እንዳትናገሪ።"

ወጥታ ብርነሽ ዘንድ ገባች። "ሐጂ ሦስት አሉኝ" አለች።

ብርነሽ ጠመኔዋን አስቀመጠች። "ሦስት? ያ ሰውዬ? ግቢ፤ ሦስት ከሆነ እኔም ሦስት። ለማንም እንዳትናገሪ።"

ዘይነብ ተመልሳ ሐጂን ስንት እንዳለቻቸው አልጽፍም፤ ቆሜ አላየሁምና። ሲነግሩኝ ግን ሁለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከተማው ውስጥ "ላንተ ብቻ" ያልተባለ ሾፌር አልነበረም። ሰሌዳዎቹ ግን አምስት እንዳሉ ቀሩ። ለክብር።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት እቴ ብርነሽ ቢሯችን መጣች። አንዲት አግዳሚ ወንበር ነበረችን፤ ተቀመጠችባት። ብዙም ሳይቆይ ሐጂ ያሲን ገቡ። ሌላ መቀመጫ ስለሌለ በዚያችው አግዳሚ በሌላው ጫፍ ተቀመጡ። ሁለቱም ወደ ኡስታዝ አዩ።

"ኡስታዝ፣ ለዚች ሴትዮ ንገራት፣ እኔ ቀድሜ ቀጠሮ ይዣለሁ።"

"ኡስታዝ፣ ለሰውየው ንገረው፣ ቀጠሮ የሚባል እዚህ ቤት የለም።"

"ሁለታችሁም ምን ፈለጋችሁ?" አሉ ኡስታዝ።

"ዋጋችን ይታተም!" አሉ፤ ሁለቱም፣ በአንድ ትንፋሽ።

ከዚያ ደነገጡና በየፊናቸው ግድግዳ አዩ። ብርነሽ ቀጠለች፦ "ዋጋ መደበቅ ነውር ነው። ሕዝቡ የማወቅ መብት አለው።"

"ወላሂ ትክክል" አሉ ሐጂ፤ "ለኡስታዝ ነው የምለው።"

"ሕዝቡ ስንት እንደሚከፍል ያውቃል፤ ራሱ ነው የሚከፍለው" አሉ ኡስታዝ። "የማያውቀው እናንተ ናችሁ፤ አንዳችሁ የአንዳችሁን። ከግንቡ ባሻገር ተጣሩና ተጠያየቁ።"

ብርነሽ ተነሥታ ወጣች። ሐጂ ግን ትንሽ ቆዩ። በጣም እያሰቡ ነበር። በር ላይ ሲደርሱ "ዕርቅ ጥሩ ነገር ነው" አሉ፤ ለማንም ሳይሆን።

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌ ተላከ። ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ፦ አንድ ቄስ፣ አንድ ሸኽ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱም ወገን የሚያምነው፣ አድልቶ የማያውቅ ሰው። እኔ። ገዳሪፍ ውስጥ ሁለት ጎረቤቶች እንዳይታረቁ የሚመኝ አንድ ሽማግሌ ቢኖር ያ እኔ ነበርሁ፤ ከታረቁ በማግስቱ ማደሪያው ስድስት ሻይ እንደሚሆን እንደ ስሜ አውቃለሁ። ዘይነብም ታውቃለች። አምጃዷን አጥባ አቁማታለች፤ ለገዥ ይሁን ለራሷ አልጠየቅኋትም።

ዕርቁ የተደረገው ጠዋት ከኒሙ ሥር ነው። ሾፌሮችና ባለሻዮች መጡ፤ ወፍጮ ቤቱም ሳይቀር ተዘግቶ ሰው ተሰበሰበ። ቄሱ እንደ አገራችን ልማድ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። ሐጂ ያሲን ጎንበስ ብለው ከመሬት አንድ ጠጠር አነሡና ትከሻቸው ላይ አስቀመጡ።

ብርነሽ አላስቻላትም። "ይሄ ድንጋይ ነው ወይስ ከምስር የተለቀመ?"

"ከጥላሽ ይከብዳል" አሏት ሐጂ።

"ይኸው ተነጋገሩ!" ብሎ ሰው እልል አለ። ሸኹ እጃቸውን ለዱዓ አነሡ። ነገሩ ሊያልቅ ሆነ። ቄሱ የመጨረሻውን የልማድ ጥያቄ ጠየቁ፦ "በዚህ ጠብ ሳቢያ የተጎዳ ሌላ ሰው አለ?"

"አለሁ" አለች ዘይነብ ከኋላ። "ግን በጠቡ አይደለም። እኔ የምጎዳው በዕርቁ ነው።"

ሰው ሣቀ። ቄሱ አልሣቁም። "ልጄ፣ በዕርቅ የተጎዳ ሰምቼ አላውቅም።"

"እንግዲህ ይስሙኛ አባ። እነዚህ ሲኳረፉ ሁለት ከፈልሁ። በወረቀት ሲነጋገሩ አምስት። ዛሬ አፍ ለአፍ ገጠሙ፤ ነገ አምጃዴን የሚነዳት ሐጂ ነው።"

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። "ታከለ፣ እውነት ነው?"

ከኪሴ ስምንቱን ወረቀቶች አወጣሁ። ከአምጃዷ መስኮት ተልጠው የመጡ ስለሆኑ ዳር ዳራቸው ሙጫ ነበረው። አንድ በአንድ አነበብኋቸው። ምንም አልጨመርሁም። "ያስባሉ" የምትለዋን ቃል ስደርስ ሰው ከእኔ ጋር በአንድ ድምፅ ማለት ጀመረ። አራተኛው ወረቀት ላይ ብርነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ስድስተኛው ላይ ሐጂ ጠጠሩን ከትከሻቸው አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ።

"የጻፋቸው ማነው?" አሉ ሸኹ።

"እኔ" አልሁ። "ድንጋይ ከተባለ እኔም የምሸከመው አለኝ።"

ሦስታችን ወደ ግንቡ ጥግ ሄደን መከርን። ሰውን አትታረቅ ማለት አይቻልም፤ በቄስም በሸኽም ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ እንዲህ ወሰንን። ሁለቱ በሁሉ ነገር ይታረቁ። ለቅሶ ይድረሱ፣ ሠርግ ይጠራሩ፣ ቢታመሙ ይጠያየቁ። ስለ ማደሪያ ዋጋ ግን አንዳቸው ለአንዳቸው ትንፍሽ እንዳይሉ። የተናገረ የዋጋ ወረቀቷን የአንድ ወር ፎቶ ኮፒ ይክፈል። ሁለቱንም ያጣላው የከሰዓቱ ጥላ ደግሞ ከእንግዲህ የማንም አይሁን። የዘይነብ አምጃድ ይቁምበት፤ ያለ ጥላ ጭማሪ። ብርነሽ ቅርንጫፍ አትቆርጥ፤ ሐጂ ቦታውን ለሌላ አይስጡ።

ብርነሽ ግራ ገባት። "ታዲያ ስለ ምን እናውራ?"

"ስለ ልጆች፣ ስለ ጤና" አሉ ቄሱ። "ስለ ዝናቡ።"

"ዝናብ አይሆንም!" ብላ ዘይነብ ጮኸች። "ዝናብ ዋጋ ነው!"

ሽማግሌዎቹ ተያየን። ትክክል ናት። ዝናብም ተሠረዘ። ሸኹ ለመተማመኛ "ደመናም" ብለው ጨመሩ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሚስማር ልቆጥር ሄድሁ። ሐጂ ያሲን ከግንቡ በዚህ፣ ብርነሽ ከግንቡ በዚያ ወንበራቸውን አስጠግተው ስለ ሐጂ ጉልበት ሲነጋገሩ አገኘኋቸው። ርዕስ ስላጠራቸው ስለ አንድ ጉልበት ብዙ አውርተዋል። አምጃዷ ከኒሙ ጥላ ሥር ቆማለች። ዘይነብ ለገፊሩ የማደሪያውን ስትከፍል ቆሜ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ በዓይኔ አየሁ፦ ሁለት ሻይ ተኩል።

ብርነሽ ከግንቡ ባሻገር ጠራችኝ። "አንተ ታከለ፣ ለሚመጣው ሳምንት ምን እንደማስብ አትጠይቀኝም?"

"አልጠይቅሽም።"

"ስለ ጤናዬ ቢሆንስ?"

"ስለ ጤናሽ ለሐጂ ንገሪያቸው" አልኋት። "ባዶ ሚስማር ስንት ነው?"

"አራት" አለች ኩርፍ ብላ።

ዞሬ ገብቼ ቆጠርሁት፤ ሦስት ነበር። ሦስት ጻፍሁ።

ዘይነብ እስካሁን በዚያችው አምጃድ ትሠራለች። እኔ ሥራውን ለሌላ ካስረከብሁ ቆየሁ። ደብተሩን ሳስረክብ የነገርሁትን እዚህም ልድገመው። ዋጋ ከማተማችሁ በፊት ወረቀቱን ቀድሞ የሚያነበው ማን እንደሆነ እወቁ። ሻጩ ከሆነ፣ ደብዳቤ እያደረሳችሁለት ነው።